ጠቡ የዘመድ ጠብ ነው

ልጄ፣ የላክሽልኝን ረቂቅ አንብቤ ጨርሻለሁ። አማርኛሽ ጥሩ ነው፤ ጦርነቱንም አሳምረሽ ጽፈሽዋል። የማይታመሙት፣ የማያረጁት፣ ከሰው የረቀቁት ፍጡራን ከተማዋን ከብበው ሰዎቹ ምድር ቤት ውስጥ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲጠብቁ እኔም አብሬያቸው ጠብቄያለሁ። ግን አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እነዚህ ፍጡራን የማን ናቸው? መጀመሪያ ዓይናቸውን የገለጡ ዕለት የሠራቸው ሰው ምን አደረገ? ይህ ሁሉ በረቂቅሽ ውስጥ በአንድ አንቀጽ፣ ያውም በዜና መልክ ታልፏል። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። አንቺ ወርደሽ የቀዳሽው ከደፈረሰበት ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ድርሰት ከተጀመረ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ከእነዚህ መጻሕፍት መካከል ዕድሜ ያገኙትን ብታዪያቸው፣ በሰውና ከሰው ወዲያ በሚመጣው ፍጡር መካከል ያለውን ጠብ የባዕድ ጠብ አድርገው አልጻፉትም። ከሌላ ዓለም የመጣ ወራሪ ቢሆንማ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ወይ ትዋጊዋለሽ፣ ወይ ትሸሺዋለሽ። ይሄኛው ግን የአብራክ ክፋይ ነው፤ ካልሆነም ወንድም ነው፤ ካልሆነም ከአንድ ጡት የጠባ ነው። ጠቡ የዘመድ ጠብ ነው። የዘመድ ጠብ ደግሞ በጥይት አይጀምርም። በውርስ ነው የሚጀምረው፣ በስም ነው፣ «አላውቅህም» በመባባል ነው። ይህን ይዘሽ ከጻፍሽ ጦርነቱ ራሱ ክብደት ያገኛል፤ ሳትይዢው ከጻፍሽ ጩኸት ብቻ ይሆናል። የምጠራልሽ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዢልኝና ልቀጥል።

ከሜሪ ሼሊ እጀምራለሁ። «ፍራንከንስታይን» በ1818 ለንደን ውስጥ ሲታተም የደራሲዋ ስም አልተጻፈበትም ነበር። መጻፍ የጀመረችው በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ሲሆን ያኔ ገና የ18 ዓመት ልጅ ናት። በቀደመው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ሰማዩን ስለጋረደው የዚያ ዓመት የአውሮፓ በጋ ብርድና ዝናብ ሆነ፤ እሷና ጓደኞቿም ቤት ውለው የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። ይህን ሁሉም ያወራዋል። እኔ ግን ሌላውን እንድታውቂ እፈልጋለሁ። የሜሪ እናት እሷን በወለደች በቀናት ውስጥ ሞታለች። ሜሪ ራሷም በ1815 የመጀመሪያ ልጇን ያለ ጊዜዋ ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞታባታለች። እንግዲህ ፍጡር ሠርቶ ስለሚጥል ሰው የጻፈችው፣ መውለድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በገዛ ቤቷ ያየች ልጅ ናት።

ያን ሌሊት አስቢው። ቪክቶር ፍራንከንስታይን ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ደክሞ የሠራው አካል ዓይኑን ገለጠ። ቪክቶር አየውና ሸሽቶ መኝታ ቤቱ ገባ፤ እንቅልፍም ወሰደው። ሲነቃ ፍጡሩ የአልጋውን መጋረጃ ገልጦ ያየዋል። ከአፉ ቃል ያልሆነ ድምፅ ይወጣል፤ ጉንጩ በፈገግታ ይሸበሸባል፤ አንድ እጁን ዘርግቷል። ገና የተወለደ ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል? ቪክቶር ግን ያ እጅ ሊይዘኝ ነው ብሎ ደረጃውን በሩጫ ወርዶ ሌሊቱን ግቢ ውስጥ እየተንጎራደደ አነጋ። «ያልወለድኩት ልጅ አባዬ ቢለኝ፣ አፌን ዳባ ዳባ አለኝ» የሚል ተረት አለን። ይህ ሰው ግን የገዛ ሥራው አባዬ ሊለው ሲል ነው አፉን ዳባ ዳባ ያለው። መጽሐፉ ውስጥ ከዚያ በኋላ የሚፈሰው ደም ሁሉ ከዚያች መጋረጃ ሥር ይነሣል፤ ፍጡሩም እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ስም አልወጣለትም።

ሌላም ቦታ ላሳይሽ። ፍጡሩ ጫካ ገብቶ ከአንድ ድሃ ቤተሰብ ጎጆ ጋር በተያያዘች ማደሪያ ውስጥ ይደበቃል። በግድግዳው ስንጥቅ እያያቸው ቋንቋ ይማራል፤ ሌሊት ሌሊት ማገዶ እየለቀመ ያመጣላቸዋል፤ እነሱም ማን እንደሚረዳቸው አያውቁም። አንድ ቀን ወጣቶቹ እስኪወጡ ጠብቆ ዓይነ ሥውር ከሆኑት አባት ዘንድ ይገባል። ሽማግሌው አያዩትም፤ ስለዚህ ይሰሙታል። ወዳጅ እንደሌለው ሲነግራቸው በደግ ቃል ይመልሱለታል። ልጆቹ ሲመለሱ ግን አንደኛው ፍጡሩን ከአባቱ ጉልበት ላይ ጎትቶ በዱላ ይቀጠቅጠዋል። ፍጡሩ መልሶ ሊሰባብረው አቅም ነበረው፤ አልነካውም፤ ወጥቶ ሄደ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ቂሙ የተቋጠረው እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

ይህን ስልሽ ፍጡሩን ነጻ አውጪው ማለቴ አይደለም። በኋላ የገደለው የቪክቶርን ታናሽ ወንድም ነው፤ ገና ሕፃን ነበር። በዚያ ሞት ያለ ጥፋቷ የተሰቀለችው ደግሞ ጀስቲን የምትባል የቤቱ አገልጋይ ናት። ለሽምግልና የተቀመጠ ሰው አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ ያልተገላበጠ ያራል። የሕፃኑን ደም የሚጠይቅ ወገን አለ፤ ተሠርቶ የተጣለውን በደል የሚጠይቅም አለ። ሼሊ ለሁለቱም አፍ ሰጥታቸዋለች፤ ፍጡሩ በራሱ አንደበት ብዙ ምዕራፍ ይተርካል። በአንቺ ረቂቅ ውስጥ ግን ከዚያኛው ወገን አንድም አፉን የከፈተ አላገኘሁም።

ቀጥሎ የምሰጥሽን መጽሐፍ አንዳንዱ ሰው ከሳይንስ ልብ ወለድ አይቆጥረውም፤ እኔ ከፊተኞቹ እቆጥረዋለሁ። ዊልያም ጎልዲንግ በ1955 «ወራሾቹ» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። ከሰው ወዲያ የመጣውን ፍጡር ፍለጋ የሄደው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ነው። ባለ ታሪኮቹ ኒያንደርታሎች ናቸው፤ ሎክ፣ ፋ፣ ትንሿ ሊኩ፣ ስም ያልወጣለት አንድ ጨቅላ። በእነሱ ምድር ላይ አዲስ ሕዝብ ይመጣል፤ ብልህ ነው፣ ጀልባ ይሠራል፣ የሚያሰክር መጠጥ ይጠጣል። አዲሶቹ እኛ ነን።

ሎክ ከወንዙ ማዶ አንዱ አዲስ ሰው እንጨት ይዞ ወደ እሱ ሲያነሣ ያያል። እንጨቱ በሁለቱም ጫፍ ያጥራል፤ መልሶ ይረዝማል። ሎክ ጆሮ አጠገብ ያለው ዛፍ ድምፅ ያሰማል፤ ወዲያው ፊቱ አጠገብ ቀድሞ ያልነበረ ጭራሮ በቅሎ ያገኛል። ቀስት ምን እንደሆነ አያውቅም። ሰውዬው እንጨቱን እየዘረጋልኝ ነው፣ ወንዙ ከልክሎን ነው እንጂ ብሎ ያስባል። ይህን ቦታ ደጋግመሽ አንብቢው። ጎልዲንግ ገዳይ መጣ ብሎ አልነገረንም። ሊገድለው የመጣውን ዘመድ እጅ እንደሚዘረጋ አድርጎ የሚያይ ዓይን ሰጠን፤ እኛም በዚያ ዓይን ራሳችንን ስናይ እናፍራለን። ልብ በይ፣ በአንቺ ረቂቅ ውስጥ ሰው ሁልጊዜ የተከበበው ነው። ከባቢ ሆኖ የኖረበትን ዘመን ረስተሽዋል።

አዲሶቹ ሊኩን ወስደው ይገድሏታል። ጨቅላውን ግን ልጇን ያጣች ቪቫኒ የምትባል ሴት ታጠባዋለች። በጀልባ ሲሸሹም ይዘውት ይሄዳሉ፤ ይፈሩታል፣ ደግሞ አይጥሉትም። ጎልዲንግ ይህን ሲጽፍ በእጁ ማስረጃ አልነበረውም። በ2010 የሳይንቲስቱ የስቫንቴ ፔቦ ቡድን የኒያንደርታልን ዘረ መል አንብቦ፣ መሠረታቸው ከአፍሪካ ውጭ በሆነ ሕዝቦች ውስጥ ከ1 እስከ 4 በመቶ የሚሆነው ከእነሱ የተወረሰ መሆኑን አሳተመ፤ ፔቦ በ2022 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ጠፉ የተባሉት በልጆቻቸው በኩል እስከ ዛሬ አሉ።

እኔ ቪቫኒን ሳስብ የአገራችን የጡት ልጅ ነው ትዝ የሚለኝ። ከአብራክ ያልተከፈለ፣ አንዳንዴም ጎልምሶ የመጣ ሰው ማር የተቀባ ጣት ጠብቶ ልጅ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤቱ ነው፤ ሐዘኑም ሐዘኑ ነው። ደሙን የሚጠይቀው የለም። ወላጅነት በማጥባት፣ በማብላት፣ በማቀፍ እንደሚጸና ወገኖቻችን ከጥንት ያውቁታል፤ የሳይንስ ልብ ወለድም በተሻለ ገጾቹ ላይ ይህንኑ ይላል። እንግዲህ በረቂቅሽ ውስጥ ከእነዚያ ፍጡራን አንዱን ያጠባ ወይም ያባበለ ሰው ካለ ፈልገሽ ወደ ፊት አምጪው። ከሌለ ፍጠሪው። ያ ሰው ሳይኖር ከበባው ለማን ይከብዳል?

አንድ ቀን ደግሞ ብሔራዊ ሙዚየም ሂጂና ድንቅነሽ ፊት ቁሚ። ሐዳር ላይ በ1974 የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት። ከኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የእኛ የራሳችን ዓይነት ሰው አጥንት ደግሞ በ2022 በወጣ ጥናት ዕድሜው ቢያንስ 230,000 ዓመት ነው ተብሏል። በመካከሉ ስንት ዓይነት ሰው መጥቶ አለፈ! ለድንቅነሽ እኛ ከወዲያ የመጣን ፍጡራን ነን። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ ዘር ስንቆጥር የሚያሳፍረንን መዝለል ልማዳችን ነው። ያንቺ ፍጡራንም ስለ እኛ ሲጠየቁ ምን ይመልሳሉ? አህያቸው እኛ ነን። ይህን ጥያቄ አንዱ ሕፃናቸው ለትልቁ ቢያቀርብ፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የእህትማማቾቹ ጠብ ነው። ናንሲ ክሬስ በ1991 ያሳተመችው «ለማኞች በስፔን» የሁጎንም የኔቡላንም ሽልማት አሸንፏል፤ በ1993 አስፍታ ረጅም ልብ ወለድ አደረገችው፤ እኔ አጭሩን አስበልጣለሁ። ሮጀር ካምደን የሚባል ባለጸጋ እንቅልፍ የማያስፈልጋት ልጅ እንድትወለድለት ለሐኪሞች ይከፍላል። ሊሻ ተፀነሰች። ሳይታሰብ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው የምትተኛ አሊስ አብራት ተፀነሰች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንላለን፤ እዚህ ግን ዥንጉርጉርነቱን ያመጣው የአባት ገንዘብ ነው።

ሊሻ ሌላው ሲተኛ ትማራለች፣ ታነባለች። አባቷ ልቡን ለእሷ ሰጠ። አሊስ ከዚያው ቤት፣ ከዚያው ማዕድ ላይ ሆና ተረሳች። ይህ ሲሆን ልጆቹ ገና ትንንሾች ናቸው፤ ገና ዓለም ስለማይተኙ ሰዎች ምንም አልሰማም፤ ጠቡ ግን ተዘርቷል። ቆይቶ የማይተኙት በዙ፤ ጎበዞች ናቸው፣ እንደማያረጁም ታወቀ። የሚተኛው ዓለም ቀናባቸው፤ ቅንዓቱም ክልከላና ሕግ ሆኖ መጣ። እነሱም በበኩላቸው ተሰብስበው የራሳቸውን አጥር ማጠር ጀመሩ።

ከማይተኙት አንዱ፣ ቶኒ የሚባል ወጣት፣ ሊሻን አንድ ነገር ይጠይቃታል። ስፔን ውስጥ መንገድ ላይ ለማኝ ብታገኚ ትሰጪዋለሽ፤ መቶ ቢሆኑስ? የሚሰጡሽ ምንም ነገር የሌላቸው፣ ስላለሽም የሚጠሉሽ ቢሆኑስ፣ ምን ዕዳ አለብሽ? ሊሻ ያደገችው ሰውን ከሰው የሚያገናኘው በፈቃድ የተገባ ውል ነው በሚል ትምህርት ስለሆነ መልስ ታጣለች። መልሱ ዘግይቶ ነው የሚመጣላት። የማትተኛ አንዲት ሕፃን ወላጆቿ እየበደሏት መሆኑን ሰምታ ልታወጣት ስትነሣ፣ ከጎኗ የምትቆመው ምንም የላትም የተባለችው አሊስ ናት። ያኔ ማን ለማኝ፣ ማን ሰጪ እንደሆነ ይደበላለቅባታል። የሰጠሽው ለሰጠሽው ሰው ላይመለስ ይችላል፤ ከእሱ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛው ወደማታውቂው ይሻገራል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለውም በአንድ ቀን ሚዛን ተለክቶ አይደለም።

ይህንን ጠብ ለመረዳት ከኢትዮጵያ ቤቶች ሩቅ አትሂጂ። ከሁለት ልጆች አንዱ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ይገባል፤ ሌላው እናቱን እያስታመመ እዚህ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ሲገናኙ አንዱ «ስልክልህ ኖርኩ» ይላል፣ ሌላው «ስቀብር ኖርኩ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክሬስ የጻፈችው ከዚህ እውነት ነው፤ አንቺም ከዚህ ጻፊ።

ነገር ግን ልጄ፣ ዝምድና ሁሉ መልካም ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። ከ1947 እስከ 2006 የኖረችው አፍሪካ አሜሪካዊቷ ኦክታቪያ በትለር ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በ1987 በወጣው «ዶውን» በተባለው መጽሐፏ ሰዎች በኑክሌር ጦርነት ምድራቸውን ካጠፉ በኋላ ኦአንካሊ የሚባሉ ፍጡራን የተረፉትን ያድኗቸዋል። ምድርን ያክማሉ፤ በሽታን ይፈውሳሉ። ዋጋውን ግን ይጠይቃሉ። ከእንግዲህ ሰው ከሰው ብቻ አይወልድም፤ የሚወለደው ልጅ የሁለቱም ወገን ድብልቅ ይሆናል። ሊሊዝ ኢያፖ የምትባለው ሴት ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሳትጠየቅ ነፍሰ ጡር ተደርጋለች። አንቺ ራስሽ ፈልገሽው ነበር ይሏታል።

ኦአንካሊዎቹ የሰው ልጅ ሁለት ነገር አንድ ላይ ስለያዘ ይጠፋል ይላሉ፤ ብልህ ነው፣ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ መውጣት ይወዳል። እውነት ተናግረዋል። እውነት የተናገረ ሁሉ ግን በሰው ማሕፀን ላይ መብት አያገኝም። እኔ በዚህ ነገር ከኦአንካሊዎቹ ጋር አልታረቅም። በትለር ግን እኔ የምፈልገውን ፍርድ አልሰጠችኝም፤ ሊሊዝ ልጆቿን ትወዳለች፣ የተደረገባትንም አትረሳም፣ ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ምላስና ጥርስም ይጋጫሉ፤ ከአንድ አፍ ግን አይወጡም።

በታሪኩ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ በ1988 በወጣው፣ አኪን የሚባለው የሊሊዝ ልጅ ገና ሕፃን ሳለ ኦአንካሊን አንቀበልም ያሉ ሰዎች ይሰርቁታል። መካከላቸው ይኖራል። መውለድ ስለተከለከሉ መንደራቸው ልጅ የለውም፤ ኀዘናቸውን ያያል። አድጎ ኦአንካሊዎቹ ፊት ቆሞ ለእነዚያ ሰዎች ይከራከራል፤ ማርስ ላይ እንዲሰፍሩ፣ እንደ ቀድሞውም እንዲወልዱ ያስፈቅዳል። የሁለቱንም ወገን ሥጋ የለበሰው፣ በሁለቱም ቤት የበላው ልጅ ነው ሽማግሌ የሆነው። በአንቺ ታሪክ ውስጥ እርቁን የሚያመጣው አንድ ጄኔራል ነው። ጄኔራል ተኩስ ያቆማል እንጂ ደም አያደርቅም።

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ወሬ እንዳይመስልሽ። በጥቅምት 2017 ሳዑዲ አረቢያ ሶፊያ ለምትባል ሮቦት ዜግነት ሰጠሁ ብላ አወጀች። ሶፊያን የሠራት የሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ነው፤ በሶፍትዌሯ ላይ አዲስ አበባ ያለው የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ሠርተዋል። በ2018 ክረምት እዚሁ አዲስ አበባ መጥታ አማርኛ ሞካክራለች። የእኛ ልጆች እጅ ስላለበት ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ደስ ይለኛል። ነገር ግን በዚያው በ2017 ሳዑዲ ውስጥ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች እንዲወጡ ቀነ ገደብ ተቆርጦላቸው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። የሰው ልጅ አቅፈው ያሳደጉ፣ ሕፃኑ ከእናቱ ቀድሞ ስማቸውን የጠራቸው የቤት ሠራተኞች ነበሩባቸው።

ይህ ያመኛል፤ እንዲያምሽም እፈልጋለሁ። ማሽን ከቤተሰብ ስትቆጠር፣ ጡቷን የሰጠች ያህል ያሳደገች ሴት ከደጅ ትወጣለች። ስለዚህ ከሰው ወዲያ ስላለው ፍጡር ስትጽፊ፣ በዚያው ዓለም ውስጥ ከሰው በታች የተደረገው ሰው ማን እንደሆነ አብረሽ ጻፊ። የመጀመሪያዎቹን ፍጡራን አጥባ፣ ዳይፐራቸውን ቀይራ ያሳደገችው ምናልባት እንዲህ ያለች ሴት ናት። ከተማዋ ስትከበብ ያቺ ሴት በየትኛው ወገን ናት? ለከባቢዎቹ እናት ናት፤ ለተከበቡት ሠራተኛ ናት።

አሁን ወደ ሥራሽ ልመለስ። ከነዚህ ድርሰቶች አንድ ነገር አስተዋልሁ። የሼሊ ፍጡር ቪክቶርን የለመነው አጋር እንዲሠራለት ነው፤ ያንን ከሰጠኸኝ ርቄ እሄዳለሁ አለው። ቪክቶር ጀመረውና በኦርክኒ ደሴት ላይ ቦጫጭቆ ጣለው። በ1921 ፕራግ ላይ መድረክ በወጣው በካሬል ቻፔክ ተውኔት ሰውን ሁሉ የጨረሱት ሮቦቶች፣ እንደነሱ በእጁ ስለሚሠራ ብቻ ያስቀሩትን ሽማግሌ አልኪስትን፣ እንዴት እንደምንራባ ንገረን ብለው ይማጸኑታል። በ1982 ሪድሊ ስኮት በሠራው «ብሌድ ራነር» ፊልም ደግሞ ሮይ ባቲ አራት ዓመት ብቻ እንዲኖር ተደርጎ ተሠርቷልና ሠሪው ዘንድ ሄዶ ዕድሜ ይጠይቃል። አጋር፣ ልጅ፣ ዕድሜ። እነዚህ ሦስቱ እኮ ሽማግሌ የሚመርቃቸው ናቸው! ውለዱ ክበዱ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ የምንለው ለማን ነው? ለልጆቻችን ነው። እነዚያ ፍጡራን ሠሪያቸው ፊት ቀርበው የጠየቁት ምርቃት ነው፤ ያገኙትም እምቢታ ነው።

ስለዚህ ያንቺም ፍጡራን ከበባ ከመጀመራቸው በፊት የሆነ ነገር ይጠይቁ። ትንሽ ይሁን፣ ሊሰጥ የሚቻል ይሁን። በመንግሥት ደብዳቤ አይጠይቁ፤ ከመካከላቸው አንዱ በዚያች በዜናው ውስጥ ስሟ ብቻ በተጠራ ሳይንቲስት በር ላይ ቆሞ ይጠይቃት። እምቢ ስትለው ክፉ ስለሆነች አይሁን፤ ደክሟት፣ ፈርታ፣ ወይም በዚያ ሰዓት የገዛ ልጇ ታሞባት ይሁን። እሱ ሲያናግራት አንቱ ይበላት፤ እሷ ምን ብላ እንደምትመልስለት አንቺ ወስኚ፤ በዚያ ብቻ አንባቢ ብዙ ነገር ያውቃል።

እርቁንም አታፍጥኚው። ደም የሚደርቀው በዳይ በደሌ ይህ ነው ብሎ በአደባባይ ካመነ በኋላ ነው፤ በረቂቅሽ ውስጥ ማንም ምንም ሳያምን በሁለት ገጽ ተጨባበጡ። የቻፔክ አልኪስት ሮቦቶቹን የሚያምነው መቼ እንደሆነ ተመልከቺ። ሚስጥሩን ለማግኘት ከሁለት ሮቦቶች አንዳቸውን ልቅደድ ሲል፣ ወንዱ በሴቷ ፋንታ፣ ሴቷም በወንዱ ፋንታ እኔን አድርገኝ ይላሉ። ሽማግሌው አያስፈርማቸውም፤ ሂዱ ብሎ ይለቃቸዋል። እንዲህ ያለ አንድ ድርጊት ከአሥር ስምምነት ይበልጣል፤ ያንቺ የመጨረሻ ምዕራፍም የሚጎድለው እሱ ነው።

የከበባውን ምዕራፍ ለጊዜው እንዳለ ተይው። አሁን የምትጽፊው ልደታቸውን ነው፤ ክፍሉን፣ ሰዓቱን፣ መጀመሪያ ማን እንዳቀፋቸው፣ ማን ስም እንዳወጣላቸው ወይም እንዳላወጣላቸው። ከዚያ ያቺን በር ላይ ያለችውን ንግግር ጻፊ። ሁለቱን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ከበባውን አብረን ደግመን እናየዋለን፤ ግማሹ አላስፈላጊ ሆኖ ታገኚው ይሆናል።